በአቡን ቤት ሰፈር «ሙሉ በሙሉ የታደሰ» ነባር ቤት ልገዛ ነው፤ ምን ልመርምር?

ተመላሹ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ተሳታፊዎች። ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር ሲሆን ላለፉት ሃያ ዓመታት የኖርሁት አዲስ አበባ ነው። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ስለቀረኝ ከባለቤቴ ጋር ተማክረን ወደ አገራችን ለመመለስ ወስነናል። ብዙ ወዳጆቼ አዘዞ ወይም ማራኪ በኩል አዲስ ቪላ እንድገዛ ቢመክሩኝም ልቤ ያረፈው በልጅነቴ በማውቀው በመሀል ከተማው ነባር ሰፈር ላይ ነው። ለፍልሰታ ፈቃድ ወስጄ በመጣሁበት በዚህ ሰሞን አንድ ደላላ አቡን ቤት ውስጥ «ሙሉ በሙሉ የታደሰ ታሪካዊ ቤት» ብሎ ያሳየኝ ቤት አለ፤ ምክራችሁን የምጠይቀው ስለ እርሱ ነው።

ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ምድር ቤቱ በጥቁር ድንጋይና በጭቃ የተገነባ ሲሆን የግድግዳው ውፍረት በመስኮቱ ደፍ ላይ ስለካው አንድ ክንድ ከስንዝር ሆነ። ላይኛው ክፍል የእንጨት ወለልና ሰገነት አለው፤ ደላላው ሰገነቱ ላይ አቁሞኝ የአፄ ፋሲልን ግንብ ጫፍ በጣቱ ካሳየኝ በኋላ ስለ ሌላው ነገር ብዙም መናገር አላስፈለገውም። ሻጩ እንደነገሩኝ ቤቱ ከጣሊያን ወረራ በፊት የተሠራ ነው፤ ጣሊያኖች ከተማይቱን በያዙባቸው ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት መስኮቶቹ ሰፍተው የውጭው ደረጃ እንደተጨመረም ነግረውኛል። ባለፈው ግንቦት ደግሞ ግድግዳው ከውስጥም ከውጭም በሲሚንቶ ተለስኖ ኳርትዝ ቀለም ተቀብቷል፤ ኮርኒሱ ጂፕሰም፣ የምድር ቤቱ ወለል ሴራሚክ ሆኗል፤ ጣሪያው አዲስ ቆርቆሮ ነው፤ ላይኛው ፎቅ ላይም መታጠቢያ ቤት ተሠርቶለታል።

ስገባ ቀለሙ ገና ይሸታል። ከበሩ በስተግራ ባለችው ክፍል ውስጥ ግን ከቀለሙ ሽታ ሥር ሌላ ነገር፣ ክረምት ላይ እንደተከፈተ የእህል ጎታ ያለ ሽታ ሸተተኝ። ለደላላው ብነግረው «ቤት ሲዘጋ ነው» አለኝ።

ሻጩ የጠየቁት ዋጋ በዚያው ሰፈር ካሉት ያልታደሱ ቤቶች እጥፍ ገደማ ነው። ቀብዱን አሁን ከፍዬ፣ ዝናቡ ሲያባራና ጭቃው ሲደርቅ በጥቅምት መጥቼ ቤቱን ረጋ ብዬ እንዳየው ሐሳብ አቅርበውልኛል። ይህ ዕድሳት የተጠየቀበትን ዋጋ ያህላል ወይ? ወረቀቱስ ላይ በተለይ ምን ልመልከት?

ግንበኛው

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ደስ የማይለውን ልንገርዎት። እንዲህ ላለ ቤት «ሙሉ በሙሉ ታድሷል» የሚለው ቃል ዋጋ ከመጨመሩ በፊት ጥያቄ ሊያበዛብዎት ይገባል። ያልታደሰ አሮጌ ቤት ሕመሙን አይደብቅም፤ ስንጥቁም ርጥበቱም ምስጡም ፊት ለፊት ስለሚታይ ገዢው የሚገዛውን አውቆ ይገዛል። እርስዎ ያዩት ቤት ሕመሙ ግን ከሁለት ጣት ሲሚንቶና ከጂፕሰም ኮርኒስ ጀርባ ነው ያለው፣ ካለ።

በድንጋይና በጭቃ የተገነባ ግድግዳ ውኃ ጨርሶ እንዳይነካው ተብሎ የተሠራ አይደለም። ከመሠረቱ ርጥበት ይስባል፣ ክረምት ላይ ዝናብ ይጠጣል፤ በጋ ሲመጣ ደግሞ የጠጣውን በፊቱ በኩል ይተፋዋል። አባቶቻችን በጭቃ ይመርጉት ወይም በኖራ ይለስኑት የነበረው ሁለቱም ይህን ትንፋሽ ስለማይዘጉበት ነው። ሲሚንቶ ግን ድርቅ ያለ ነው፤ በላዩ ላይ ኳርትዝ ሲጨመርበት ግድግዳው ትንፋሽ ያጥረዋል። መውጫ ያጣው ርጥበት በግድግዳው ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል፤ ድንጋዩን ያያያዘውን ጭቃ ያላላል፣ ግድግዳው ውስጥ የተቀበሩትን የወለል ወራጆች ጫፍ ያበሰብሳል፣ በመጨረሻም ጨው ይዞ ቀለሙን ከሥሩ ያነሣዋል። የሴራሚኩ ወለልም ነገሩን ያብሳል፤ ቀድሞ በወለሉ በኩል ይወጣ የነበረው ርጥበት አሁን ያለው መንገድ ግድግዳው ብቻ ነውና። በስተግራ ባለችው ክፍል የሸተተዎት ይኸው ይመስለኛል።

ይህን የምለው ከራሴ አፍልቄ እንዳይመስልዎት። ጣሊያኖች የፋሲል ግቢን አብያተ መንግሥት ሲጠግኑ ሲሚንቶና አርማታ ተጠቅመው ነበር፤ ግንቦቹ ከጥንት የቆሙት በድንጋይና በኖራ ስለሆነ ጥገናው አልተስማማቸውም፤ በኋላ የመጡት ጠጋኞች ሲሚንቶውን እያነሡ በኖራ ተክተውታል። በኖራ ለተገነባ የንጉሥ ግንብ ያልበጀው ሲሚንቶ በጭቃ ለተገነባ የአቡን ቤት ግድግዳ ሊበጅ አይችልም።

አሁን ወደ ምርመራው። በጥቅምት የሚባለውን ቀጠሮ አይቀበሉ። ቤቱን ማየት ያለብዎት በዚሁ በነሐሴ፣ ሌሊቱን በዘነበ ማግስት ጠዋት ነው። በጥቅምት ግድግዳው ደርቆ፣ ሽታው ጠፍቶ፣ ምናልባትም ቀለሙ በድጋሚ ተቀብቶ ነው የሚጠብቅዎት። ሲሄዱ ግድግዳውን ከወለሉ ጀምሮ እስከ ወገብዎ ድረስ በጣትዎ መገጣጠሚያ እያንኳኩ ይዙሩ፤ እንደ ባዶ ቅል የሚጮኸው ቦታ ሁሉ ልስኑ ከድንጋዩ የለቀቀበት ነው። ከቁም ሣጥንና ከአልጋ ጀርባ ይመልከቱ፤ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር በጣትዎ ከተነሣ ጨው ነው። ከዚያ ውጭ ወጥተው የመንገዱን ከፍታ ከቤቱ ወለል ጋር ያስተያዩ። በነባር ሰፈሮቻችን መተላለፊያው ኮብልስቶን ሲነጠፍ ወይም አስፋልት ሲደረብ መንገዱ ከፍ፣ ቤቱ ዝቅ ብሎ የቀረበት ቦታ ብዙ ነው፤ እንዲያ ከሆነ የሰፈሩ ጎርፍ እንግዳዎ ይሆናል። አሸንዳው ውኃውን ወዴት እንደሚጥለውም ይዩ፤ እግረ ግድግዳው ላይ የሚጥል ከሆነ ሌላው ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው።

ሻጩ ኮርኒሱን ቢያንስ በሁለት ቦታ እንዲከፍቱልዎት ይጠይቁ። ከላዩ ያለው እንጨት የጥንቱ ወይራና ጥድ ከሆነ ጥሩ ነው፤ በዕድሳቱ ጊዜ በእርጥብ ባሕር ዛፍ ተተክቶ ከሆነ ግን ይጣመማል፣ ምስጥም ይወደዋል። መታጠቢያ ቤቱ በእንጨት ወለል ላይ የተሠራው በምን እንደሆነም ይወቁ፤ በላዩ አርማታ ተሞልቶበት ከሆነ እኔ አልወደውም።

ባለ ካሬው

ይህ ሁሉ ስለ ጭቃ ግድግዳ ማሰብ ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም። በፒያሳ ዙሪያ ዋጋ ያለው ቦታው ነው። ቤቱን አፍርሰው በቦታው ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ቢሠሩ ምድሩን ለሱቅ አከራይተው ላዩ ላይ መኖር ይችላሉ፤ ወጪዎንም በጥቂት ዓመታት ይመልሳሉ።

የሰነድ ሰው

ከላይ ላሉት አስተያየት ሰጪ፦ ማፍረሱን በአንድ አረፍተ ነገር ባይጨርሱት መልካም ነበር። የፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ በዙሪያው በሚሠራው ነገር የቅርስ ባለሥልጣንም ያገባዋል። በቅርስነት የተያዘ ቤት ሲሆን ደግሞ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 የጥገናና የዕድሳት ሥራ ያለ ቅድሚያ ፈቃድ እንዳይሠራበት ደንግጓል፤ ፈቃድ የሚያስፈልገው ለማፍረስ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ጠያቂው ቤቱ ተመዝግቦ እንደሆነና የግንቦቱ ዕድሳት በፈቃድ የተሠራ መሆኑን በጽሑፍ ይጠይቁ። ያለ ፈቃድ ከተሠራ ጥያቄው ነገ የሚመጣው ወደ አዲሱ ባለቤት ነው።

ለጠያቂው ደግሞ ወደ ወረቀቱ ልምጣ። የነባር ቤት የባለቤትነት ታሪክ ሁልጊዜ በ1967 ዓ.ም. በኩል ያልፋል። በዚያ ዓመት ሐምሌ ወር የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታን በሙሉ የመንግሥት አድርጎ፣ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ከለከለ። ትርፍ የተባሉት ቤቶች ተወርሰው ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነው በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው በኪራይ ቤቶች እጅ ገባ። በዚህ ምክንያት በአንድ ግቢ ውስጥ ዋናው ቤት የግለሰብ፣ ማድ ቤቱ ወይም በር ላይ ያለችው ክፍል ግን የቀበሌ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ሻጩ ግቢውን በሙሉ እያዞሩ ቢያሳዩዎትም የሚሸጡልዎት ካርታው ላይ ያለውን ብቻ ነው። ስለዚህ ካርታውንና ፕላኑን በእጅዎ ይዘው፣ ሜትር ዘርግተው እያንዳንዱን ክፍል ያመሳክሩ፤ በግቢው ውስጥ ተከራይ ካለ ኪራዩን ለማን እንደሚከፍል ደረሰኙን አይተው ያረጋግጡ።

ይዞታው ነባር (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) ይሁን የሊዝ ይለዩ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ተቀባዩ በሊዝ ሥሪት እንዲይዘው ይደነግጋል። ሻጩ ዛሬ የሚከፍሉትን የቦታ ኪራይ አይተው የነገ ክፍያዎን አይገምቱ፤ ስሙ ሲዛወር የሚጠበቅብዎትን ሁሉ ከማዘጋጃ ቤት አስቀድመው ያስሉ።

ሻጩ ቤቱን ያገኙት በውርስ ከሆነ የወራሽነት ማረጋገጫውን ይጠይቁና ስማቸው ያለው ወራሾች በሙሉ መስማማታቸውን ይዩ። አንድ ውጭ አገር ያለች እኅት ብትረሳ ክርክሩ ዕድሜዎን ይጨርሳል። ያገቡ ሆነው ቤቱ የጋራ ንብረታቸው ከሆነ የትዳር ጓደኛቸው መፈረም አለባቸው። ዕዳና እገዳ አለመኖሩንም በጽሑፍ ያረጋግጡ፤ ቤቱ በኮሪደር ልማቱ መስመር ውስጥ መግባት አለመግባቱን በቃል ሳይሆን ከከተማው ፕላን ላይ ይዩት።

በመጨረሻ ስለ ቀብዱ። የ1952 ዓ.ም. ፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885 እንደሚለው ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። በነሐሴ ቀብድ ከፍለው በጥቅምት ግድግዳው ቢያስፈራዎት ገንዘብዎን ትተው የሚሄዱት እርስዎ ነዎት። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውልና ማስረጃ ፊት መደረግ እንዳለበትም ቁጥር 1723 ላይ ተደንግጓል፤ ደላላው ኪሱ ውስጥ ይዞት በሚዞረው ወረቀት ላይ አይፈርሙ።

የአቡን ቤት ነዋሪ

ልጄ፣ ይህን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ ነው። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፣ ከዚህ ሰፈር ወጥቼ አላውቅም።

ግንበኛው ያሉት እውነት ነው፣ በእኔም ቤት ደርሷል። የዛሬ ስምንት ዓመት ልጆቼ ገንዘብ ሰብስበው የእናቴን ቤት ያሳደሱት በሲሚንቶ ነበር። ሠራተኞቹ የድሮውን ምርጊት ፍቀው ሲጥሉት፣ ጭዱ በውስጡ ገና ቢጫ ሆኖ ሳየው «ይህን ምን አደረጋችሁት» ብዬ ተቆጣሁ፤ «እማማ ዘመናዊ ይሁንልዎት» አሉኝ። ጥቅምትና ኅዳር ቤቱ ሲያምር አየሁ፣ ራሴንም ወቀስሁ። በሁለተኛው ክረምት ግን ግድግዳው ማላብ ጀመረ። የእናቴ የክት ልብስ ያለበት ሣጥን ከግድግዳው ተጠግቶ ተቀምጦ ነበር፤ ለጥምቀት ብዬ ስከፍተው ጀርባው እንደ ጥጥ ሻግቷል፤ ጃኖውን ሳነሣው ጥለቱ በእጄ ላይ ቀረ። ሥራውን የወሰደውን ሰው ብንደውልለት አያነሣም፤ የከፈልነውም በደረሰኝ ስላልነበረ የምንይዘው ነገር አልነበረንም።

በኋላ ሲሚንቶውን በመሮና በመዶሻ አስፈለፈልነው። አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ተገኝቶ ኖራውን በጉድጓድ አስርሶ ከከረመ በኋላ ስስ ስስ አድርጎ ሦስት ጊዜ ለሰነልን። በጥቅምት ጀምሮ በጆንያ እየሸፈነ፣ ጠዋትና ማታ ውኃ እየረጨ ነው የጨረሰው። ዘገየብን፤ ውኃው በፈረቃ የሚመጣ ስለሆነ ለልስኑ የሚረጨውን በበርሜል ስናጠራቅም ለእንጀራ ማቡኪያ ያጣንበት ቀንም ነበር። አሁን ግን ሣጥኑ ወደ ቦታው ተመልሷል።

ሰፈሩ ጥሩ ነው ልጄ። ዕድሩ ይፈላለጋል፣ ሰው አይጠፋም። ቤቱን ግን ጎረቤት ጠይቀህ ግዛ፤ ደላላው የማያውቀውን እኛ እናውቃለን።

ተመላሹ (ጠያቂ)

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ፤ በተለይ እትዬ፣ ባይመክሩኝ ኖሮ ጎረቤት ለመጠየቅ አፍር ነበር። ዛሬ ጠዋት፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ካደረ በኋላ፣ ደላላውን ሳልጠራ ከሻጩ ጋር ብቻ ሄድሁ።

ግድግዳውን ሳንኳኳ ሻጩ መጀመሪያ ሳቁ፤ በስተግራ ካለችው ክፍል ስንደርስ ግን ድምፁን እርሳቸውም ሰሙት። ቁም ሣጥኑን አብረን አነሣነው። ከጀርባው ቀለሙ እንደ ዳቦ ቅርፊት ተነሥቶ፣ እስከ ጉልበቴ ድረስ ነጭ ዱቄት አለ። ወጥቼ ስለካው መንገዱ ከቤቱ ወለል በስንዝር ከፍ ይላል፤ ደፉ ላይ ሲሚንቶ እንደ ግድብ ተደርጓል፣ ውኃው ግን በበሩ ጎን ዞሮ ይገባል።

መታጠቢያ ቤቱን ሳይ ደግሞ ሳላስበው የቀረ ነገር አገኘሁ። ከጎኑ፣ እንጨቱ ወለል ላይ፣ 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ተቀምጧል።

በወረቀቱ በኩል ካርታው የሻጩ አባት ስም ያለበት ሲሆን ወራሾቹ አራት ናቸው፤ ሦስቱ ተስማምተዋል፣ አራተኛዋ ውክልና እንደላኩ ተነግሮኛል፤ ገና አላየሁትም። ከግቢው ጥግ ያለችው ማድ ቤት ፕላኑ ላይ የለችም። በውስጧ የሚኖሩት እናት ኪራያቸውን የሚከፍሉት ለቀበሌ እንደሆነ ደረሰኛቸውን አሳይተውኛል፤ ሻጩ ግን «እርሷ በቅርቡ ትወጣለች» ነው የሚሉት። እኒያን እናት ሳያቸው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቢወጡ ደስ የሚለኝ አልመሰለኝም። ማድ ቤቷን ከሒሳቡ አውጥቼ ማሰብ ጀምሬያለሁ።

ቤቱን ግን አልጠላሁትም። መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጬ ዝናቡን ሳይ የአያቴ ቤት ትዝ አለኝ፤ ይህ ግን ዋጋ ለመደራደር እንደማይረዳኝ አውቃለሁ። ሲሚንቶውን አስፈልፍሎ በኖራ ማስለሰን የሚቻል ከሆነ፣ ወጪው ከዋጋው ላይ ይቀነስልኝ ብዬ መከራከር ተገቢ ነው?

ግንበኛው

ተገቢ ነው። እንዲያውም እኔ ብሆን ዕድሳቱን በዋጋው ውስጥ አላስገባውም፤ ያልታደሰውን ቤት ዋጋ ይዤ፣ ከእርሱ ላይ ሲሚንቶውን የማስነሻ ወጪ እቀንሳለሁ። አዲሱ ቆርቆሮ ብቻ ለሻጩ ሊቆጠርላቸው ይችላል፣ አሸንዳው ከተስተካከለ።

ሮቶው ግን ከድርድሩ በፊት ይውረድ። 2,000 ሊትር ውኃ ሁለት ቶን ነው፤ ጫፉ የራሰ ወራጅ ላይ ሁለት ቶን አስቀምጦ ሥሩ መተኛት አይገባም። ግቢው ውስጥ፣ መሬት ላይ በድንጋይ መደብ ይሠራለትና ወደ ላይ በፓምፕ ይሳብ። መብራት ሲጠፋ ውኃ በባልዲ መውጣቱ አይቀርም፤ ይህን ለባለቤትዎ አስቀድመው ይንገሯቸው።

በመንገዱ በኩል ያለውን ጎርፍ ግድብ አያቆመውም። ከግድግዳው ጎን ወረድ ያለ ቦይ ተቆፍሮ በጠጠር ተሞልቶ ውኃው ወደ ታችኛው መውረጃ ሊወሰድ ይገባል፤ ይህ ሳይሠራ ኖራ ቢለሰን ኖራውም ይጎዳል። ቦዩን በመስከረም ማብቂያ፣ ልስኑን ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ያስጀምሩ። ሲሚንቶው ከተነሣ በኋላም ግድግዳው ራቁቱን ጥቂት ሳምንታት ይተንፍስ፤ ልጆችዎ «ቤቱ ፈረሰ እንዴ» ቢሉዎት አይደንግጡ። ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ ከሆነ ግን አንድ መሮ ከማሳረፍዎ በፊት የሰነድ ሰው ያሉትን ፈቃድ ይያዙ።

ኮርኒሱስ? እርሱን አልነገሩንም።

ተመላሹ (ጠያቂ)

ኮርኒሱን ዛሬ አልከፈቱልኝም፤ «ጂፕሰሙ ይበላሻል» ብለው ነበር። ማታ ደውለው ግን የሚከፈተውን ሁለት ቦታ እኔ በራሴ ወጪ መልሼ ካስደፈንሁ እንደሚፈቅዱ ነገሩኝ። ተስማምቻለሁ። ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት አንድ አናጢ ይዤ እሄዳለሁ፤ የአራተኛዋን ወራሽ ውክልናም ያን ቀን እንዲያሳዩኝ ጠይቄያለሁ። ቀብድ አልከፈልሁም።